አሮጌ ማክቡክ፣ አዲስ ማክ ኦኤስ፦ የት የት ላይ ይቆማል?

በፈረንጆቹ 2012 በወጣው 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ላይ «ሶፍትዌር አፕዴት» የሚለውን ብትጫኑ፣ ለጥቂት ሰከንድ ሲሽከረከር ይቆይና «ማክዎ አዲሱን ስሪት ይዟል» የሚል መልስ ይሰጣችኋል። ከሥሩ «ካታሊና 10.15.7» የሚል ጽሑፍ አለ። ካታሊና የወጣው በ2019 ነው፤ የመጨረሻውን የደህንነት ማሻሻያ ያገኘው ደግሞ በ2022 ክረምት ላይ። ማሽኑ ዋሽቷል ማለት አይደለም። አፕል ለእሱ ብሎ ያዘጋጀው ሌላ ነገር ስለሌለ፣ በእሱ ዓለም አዲሱ ስሪት ካታሊና ነው።

ማሽኑን ታውቁታላችሁ። ወፍራሙ፣ የሲዲ ማስገቢያ ያለው፣ አክስት ከአሜሪካ ስትመጣ በልብስ ጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ የምታመጣው። አፕል ይህንን ሞዴል እስከ ኦክቶበር 2016 ድረስ እንደ አዲስ ይሸጠው ነበር። ስለዚህ «የ2012 ነው» የምንለው ላፕቶፕ ከካርቶኑ የወጣው በ2016 ሊሆን ይችላል። ደግሞም ክዳኑን ፈትታችሁ ራሙን እስከ 16 ጊጋ የምታሳድጉበት፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ተራ ኤስኤስዲ የምትከቱበት የመጨረሻው የማክ ላፕቶፕ እሱ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ቀጠኑ፣ ራማቸውም ቦርዱ ላይ ተበየደ።

ታዲያ ምን ቸገረን? ካታሊና ላይ ቁጭ ብሎ መሥራት አይቻልም ወይ? ለተወሰነ ጊዜ ይቻላል። ግን በሮቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ክሮም ካታሊናን የደገፈው እስከ 128ኛው ስሪቱ ድረስ ብቻ ነው። ሌሎች ፕሮግራሞችም ለመጫን ስትሞክሩ «ከዚህ የበለጠ አዲስ ማክ ኦኤስ ያስፈልጋል» ይሏችኋል። ለአፕል ስልኮች መተግበሪያ ለሚሠሩ ልጆች ደግሞ በሩ ጭራሽ የብረት ነው። ከኤፕሪል 24 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ አፕ ስቶር የሚላክ መተግበሪያ በኤክስኮድ 16 ወይም ከዚያ በላይ መሠራት አለበት ተባለ። ኤክስኮድ 16 ሶኖማን ይፈልጋል። ቀጥሎ የመጣው የኤፕሪል 2026 መስፈርት ኤክስኮድ 26ን አስገድዷል፤ እሱ ደግሞ ሶኖማ አይበቃውም፣ ሴኮያ ካልሆነ አይጫንም።

እዚህ ጋ ነው አንዲት ጓደኛዬ የተጣበቀችው። ለአንድ ትንሽ የውጭ ደንበኛ መተግበሪያ ትሠራለች፤ ኮዱን ጨርሳለች፣ ማስረከቢያዋ ደርሷል፣ ያላት ማሽን ግን ያው የ2012ቱ ነው። አዲስ ግዢ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄዷል። ከውጭ የሚገባ ላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ብዙ ሰው «ቆጥባ ትግዛ» እንድል ይጠብቃል። ከምን ላይ ነው የምትቆጥበው? ገቢዋ የሚመጣው ከዚሁ ማሽን ነው።

ስለዚህ መንገዱ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር ሆነ። ለማታውቁት ባጭሩ፦ በበጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች የተሠራ፣ ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። (ገንዘብ አስከፍሎ «ኦሪጅናሉን» የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ የሚሸጠው ማንም የሚያወርደውን ነገር ነው። ለጉልበቱ ማስከፈል መብቱ ነው፣ ለፕሮግራሙ ግን አይደለም።) ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማክ ኦኤስ ከመነሳቱ በፊት ራሱ ቀድሞ ይነሳና ለአሮጌው ማሽን የሚያስፈልጉትን ማስተካከያዎች እያቀበለ ሲስተሙ «አልደግፍህም» ብሎ እንዳይቆም ያደርጋል። ሁለተኛ፣ አፕል ከአዲሶቹ ስሪቶች ያወጣቸውን የድሮ ድራይቨሮች መልሶ ይተክላል። ይህንን ሁለተኛውን «ሩት ፓች» ይሉታል። ሁለቱ የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸውን ያዙልኝ። አብዛኛው «ጭኜው ነበር፣ አልሠራ አለ» የሚል ሰው የመጀመሪያውን ጨርሶ ሁለተኛውን ሳይነካ የተወ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ማሽኑን መመርመር አለ። በተለይ አሮጌ ማክቡክ ልትገዙ ከሆነ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህንን አድርጉ። አጥፉትና «ኦፕሽን» የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ አብሩት። የዲስክ ምልክቶች ከታዩ ጥሩ። የቁልፍ ጋን ምስልና የይለፍ ቃል መጻፊያ ሳጥን ከመጣ ማሽኑ የፈርምዌር ፓስወርድ አለበት፤ ከፍላሽ ልታስነሱት አትችሉም። ሌላም አለ። ከውጭ ከሚመጡት አንዳንዶቹ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ንብረት የነበሩ ናቸው። ሲሸጡላችሁ ቆንጆ ይሠራሉ። ፎርማት አድርጋችሁ እንደገና ስትጭኑና ኢንተርኔት ሲያገኙ ግን «ይህ ማሽን በድርጅት ነው የሚተዳደረው» የሚል ገጽ ይመጣል። ይህንን ፓቸሩ አይፈታላችሁም፣ ሥራውም አይደለም።

ወደ ጭነቱ። የሚያስፈልገው ፍላሽ ቢያንስ 16 ጊጋ ነው፤ 32 ከሆነ የተሻለ። የሴኮያ መጫኛ ራሱ 15 ጊጋ ገደማ ስለሆነ የት እንደምታወርዱት ቀድማችሁ አስቡ። በሞባይል ዳታ ከሆነ መጀመሪያ ፓኬጁን ቁጠሩ። ፓቸሩ ራሱ መጫኛውን ከአፕል ሰርቨር ያወርድና ፍላሹ ላይ ያዘጋጅላችኋል። ከዚያ «ቢልድ ኤንድ ኢንስቶል ኦፕንኮር» የሚለውን ፍላሹ ላይ ትጭናላችሁ።

የመጀመሪያው መቆሚያ እዚች ጋ ነው። ብዙ ጊዜ ፍላሹን የምንሠራው በጓደኛ ማክ ነው። ፓቸሩ ደግሞ ካልነገራችሁት በስተቀር የሚያዘጋጀው ለተቀመጠበት ማሽን ነው። በጓደኛ የ2019 ማክ ላይ ለራሷ ለ2019ኟ የተዘጋጀ ፍላሽ የ2012ቱን አያስነሳም፣ ወይም ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል። «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ «ታርጌት ሞዴል» የሚለው ላይ የራሳችሁን ማሽን መምረጥ አለባችሁ። መለያውን የምታገኙት «ስለዚህ ማክ» ከሚለው ውስጥ «ሲስተም ሪፖርት» ገብታችሁ ነው። የ13 ኢንቹ የ2012 ፕሮ መለያ «ማክቡክ ፕሮ 9,2» ነው። በዓመተ ምርት ብቻ አትምረጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ አፕል ሦስት አራት ዓይነት ላፕቶፕ ያወጣል።

ሁለተኛው ደግሞ ሰው የሚደነግጥበት ነው። ፍላሹን ሰክታችሁ ስታስነሱ ክብ ሆኖ መሃሉ የተሰረዘ ምልክት፣ ልክ «ማቆም ክልክል ነው» የሚለውን የመንገድ ምልክት የሚመስል፣ ይመጣል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። «ኦፕሽን»ን ይዛችሁ ስታበሩ ሁለት ምርጫ ታያላችሁ፦ አንዱ ቢጫ የመጫኛ ምስል፣ ሌላው «ኢኤፍአይ ቡት» የሚል። ዓይን የሚስበው መጫኛው ስለሆነ ሰው እሱን ይነካል። ያኔ አፕል በቀጥታ ማሽኑን አይቶ «አንተ ዝርዝሬ ውስጥ የለህም» ይለዋል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ «ኢኤፍአይ ቡት»፣ ከዚያ በሚመጣው ሁለተኛ ገጽ ላይ መጫኛው ነው። በቃ።

ሦስተኛው መቆሚያ ሰዓት ነው፣ እና ይሄ እኛ አገር ካሉ አሮጌ ማሽኖች ጋር በጣም ይሄዳል። ባትሪው የሞተ ማክቡክ ከቻርጀር ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይረሳና ወደ 2001 ይመለሳል። የአፕል መጫኛ ደግሞ የተፈረመ ሰርተፍኬት አለው፤ ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የማሽኑ ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ «መጫኛው ተበላሽቷል» ይላችኋል፣ ወይም ከሰርቨር ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል። እናንተ ፋይሉ የተበላሸ መስሏችሁ 15 ጊጋውን እንደገና ታወርዳላችሁ! ከማውረዳችሁ በፊት ከላይ ካለው «ዩቲሊቲስ» ሜኑ «ተርሚናል»ን ክፈቱና የእንግሊዝኛዋን «ዴት» ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ቀኑ ካልሆነ፣ ከዚያው ቃል ቀጥሎ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ዓመት እያንዳንዳቸውን በሁለት በሁለት አሃዝ አያይዛችሁ ጻፉ። ማርች 15 ቀን 2026 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ማለት ከፈለጋችሁ 0315103026 ይሆናል። ሰዓቱ በፈረንጅ መሆኑን ልብ በሉ። ስድስት ሰዓት ብትሳሳቱ ብዙም አይጎዳም፤ ዓመቱን ግን በእኛ አቆጣጠር 18 ብላችሁ ብትጽፉ ማሽኑ ራሱን ከስምንት ዓመት በፊት ያገኘዋል፣ ሰርተፍኬቱም ገና ያልተወለደ ይሆንበታል።

አራተኛው ዲስክ ነው፤ ጓደኛዬን ያሰቃያትም እሱ ነው። መጫኑ ይጀምራል፣ ግማሽ ይደርሳል፣ ይቆማል። ደግመን ስናስነሳው የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ብልጭ ድርግም ይላል። ከእኔ በፊት የወሰደችው አንድ ጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ብሏት ነበር። የ13 ኢንቹ የ2012 ማክቡክ ፕሮ የታወቀ ሕመም አለበት፦ ዲስኩን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ስስ ሪባን ኬብል ከአሉሚኒየሙ ጋር እየተፋተገ ይላላል። ማሽኑ ትንሽ ፋይል ሲያነብ ደህና ይመስላል፤ ብዙ ጊጋ በአንዴ ሲጻፍ ግን ይቋረጣል። አዲስ ማክ ኦኤስ መጫን ደግሞ ብዙ ጊጋ በአንዴ መጻፍ ነው። ለዚህ ነው ሰው «አዲሱ ሲስተም አልተቀበለውም» ብሎ የሚደመድመው።

እንዴት ይለያል? ኤስኤስዲውን ከውስጥ አውጡና በዩኤስቢ መያዣ ከውጭ ሰክታችሁ እዚያው ላይ ጫኑ። ከውጭ ሆኖ ያለ ችግር ከጨረሰ ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ቦርዱም ጤነኛ ነው፣ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው። የጓደኛዬ ከውጭ ጨረሰ። ኬብሉ ከተቀየረ በኋላ ያ «የሞተ» ማዘርቦርድ ይኸው ይሠራል። ስለ ጥገና ቤቱ ብዙ አልናገርም፤ ግን «ማዘርቦርድ» የሚለው ቃል በአገራችን ያልተመረመረ ነገር ሁሉ የሚቀበርበት መቃብር ሆኗል።

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየስ? «ዲስክ ዩቲሊቲ» ውስጥ «ቪው» የሚለውን ነክታችሁ «ሾው ኦል ዲቫይስስ» በሉ። አለበለዚያ የሚታየው የዲስኩ ክፍል ብቻ ነው፣ ዋናው አይደለም። ከላይ ያለውን ዋናውን መርጣችሁ በኤፒኤፍኤስ፣ በ«ጂዩአይዲ» አደራደር ፎርማት አድርጉ። ይህ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። የቤተሰብ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ምንም ይሁን ምን ቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት። እና እባካችሁ፣ አሁንም የድሮውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የያዛችሁ ኤስኤስዲ ሳትገዙ አትጀምሩ። ኤፒኤፍኤስ ለኤስኤስዲ የተሠራ ነው፤ በሃርድ ዲስክ ላይ ማሽኑ ይነሳል፣ ግን ሻይ አፍልታችሁ ትመለሳላችሁ።

መጫኑ ራሱ የትዕግሥት ጉዳይ ነው። «ከአንድ ደቂቃ በታች ቀርቷል» ብሎ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይጠፋና ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥር በ«ኢኤፍአይ ቡት» መግባቱንና «ማክ ኦኤስ ኢንስቶለር» የሚለው ግራጫ ምስል መመረጡን እዩ። እንደገና የፍላሹን መጫኛ ከመረጣችሁ ከአንድ ትጀምራላችሁ። የምር የቆመ ከመሰላችሁ ፓቸሩ ሴቲንግስ ውስጥ «ቨርቦስ» የሚለውን አብርታችሁ ፍላሹን እንደገና አዘጋጁ። ያኔ በፖም ምልክት ፋንታ ጽሑፍ እየወረደ ታያላችሁ። ጽሑፉ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ማሽኑ እየሠራ ነው፤ ተዉት።

ከዚያ ዴስክቶፑ ይመጣል። ደስታው አንድ ደቂቃ ይቆያል። ዋይፋይ የለም። መስኮት ስትጎትቱ እየተንቀጠቀጠ ይከተላችኋል። ከታች ያለው የአዶዎች መደርደሪያ ደብዝዞ ግራጫ ሆኗል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «አልቻለውም» ብሎ ወደ ካታሊና ይመለሳል። ነገር ግን የሆነው እንዲህ ነው፦ አፕል በዚህ ማሽን ውስጥ ያለውን የኢንቴል ኤችዲ 4000 ግራፊክስ ድራይቨር ያወጣው ከሞንተሬይ ጀምሮ ነው፣ የድሮዎቹን የብሮድኮም ዋይፋይ ቺፖች ደግሞ ከሶኖማ ጀምሮ። ስለዚህ ሲስተሙ ተጭኗል፣ ግን ዓይኑም ጆሮውም አልተገጠመለትም። ፓቸሩን ከፍታችሁ «ፖስት ኢንስቶል ሩት ፓች» የምትሉት አሁን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሴኮያ ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ግራፊክስ ፓቸሩ ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ አለበት። ዋይፋዩን ለመመለስ ፓች ያስፈልጋል፣ ለፓቹ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ሳጥኑ ውስጥ የተቆለፈ ቁልፍ። የ2012ቱ ወፍራም ማክቡክ እዚህ ጋ ይክሳል፦ ጎኑ ላይ የኢተርኔት ማስገቢያ አለው! ከቤት ራውተር ኬብል መሳብ ነው። እንደ ኤር ያሉት ቀጫጭኖቹ ይህ ስለሌላቸው ወይ የኢተርኔት አስማሚ፣ ወይ ስልክ። ስልኩ አይፎን ከሆነ በኬብል ሰክታችሁ ሆትስፖት ማጋራት ይሠራል። አንድሮይድ ከሆነ አትድከሙ፤ አብዛኞቹ አንድሮይዶች በዩኤስቢ ኢንተርኔት የሚያጋሩበትን መንገድ ማክ ኦኤስ አያውቀውም። ይህንን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር አንድ ሙሉ ከሰዓት አተርፍ ነበር።

ፓቹ አልቆ ማሽኑ ሲነሳ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። አሁንም የሚዘገይ ከሆነ ሲስተሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ባትሪውን እዩ። እነዚህ የድሮ ማክቡኮች ባትሪያቸው ሲወጣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ራሳቸው ይቀንሱታል፤ የተበላሸ ባትሪም እንዲሁ ሊያደርጋቸው ይችላል። ያበጠ ባትሪ አውጥቶ በቻርጀር ብቻ መሥራት የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ፣ ለደህንነትም ማውጣቱ ትክክል ነው። ግን ዋጋው ፍጥነት ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ፍላሹን ነቅላችሁ ስታበሩት ያ የተሰረዘ ክብ ምልክት ተመልሶ ከመጣ፣ ኦፕንኮር ያለው ፍላሹ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። በፓቸሩ ወደ ውስጠኛው ዲስክ መጫን አለበት። ከዚያ «ኦፕሽን» ይዛችሁ አብርታችሁ፣ «ኢኤፍአይ ቡት» ላይ ሆናችሁ «ኮንትሮል»ን ይዛችሁ ኢንተር ብትሉ ለሁልጊዜው ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጭነቱ ነፃ ነው ማለት አኗኗሩ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ሩት ፓች የሲስተሙን ማኅተም ስለሚሰብር አፕል ትንንሹን አፕዴት አይሰጣችሁም፤ ለእያንዳንዷ ማሻሻያ ሙሉ መጫኛውን ነው የምታወርዱት። ያውም አፕዴቱ የተከላችሁትን ድራይቨር ስለሚጠርገው ፓቹ በድጋሚ መሠራት አለበት። ስለዚህ አውቶማቲክ አፕዴትን አጥፉ፤ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ፣ ራሳችሁ አድርጉት። የማስረከቢያ ቀን ዋዜማ ላይ «አፕዴት ላድርግ» የሚል ሰው ጓደኛዬ አይደለም።

ደህንነቱም አለ። ፓቸሩ እንዲሠራ አፕል ሲስተሙን የሚጠብቅበት አጥር በከፊል ዝቅ ይላል። በአንድ በኩል የደህንነት ማሻሻያ እያገኛችሁ፣ በሌላ በኩል አንድ በር ገርበብ ብሎ ይቀራል። እኔ ስመዝነው ከ2022 ወዲህ ምንም ካልተጠገነ ካታሊና ይሻላል እላለሁ፤ ግን የተሰነጠቁ ፕሮግራሞችን ከየቦታው እያወረዱ በዚያው ማሽን ላይ የባንክ ሥራ መሥራትን አላበረታታም።

ሁሉም ሰው ይህንን ያድርግ ወይ? አይ። የምትፈልጉት ፊልም ማየት፣ ሲቪ መጻፍና ኢሜይል ከሆነ ካታሊና ላይ ፋየርፎክስ ጭናችሁ መቆየት ትችላላችሁ። ወይም ሊኑክስ ሚንት አለ፤ በ2012ቱ ላይ ቀለል ብሎ ይሄዳል፣ ለብሮድኮም ዋይፋዩ አንዴ በኬብል ገብቶ ድራይቨሩን መጫን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ አማርኛም ይጻፍበታል። 4 ጊጋ ራም ብቻ ያለው ቀጭን ኤር ላይ ሴኮያ መጫን ራስን መቅጣት ነው። የ2018 እና የ2019 ኤር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ችግር አለባችሁ፦ ቲ2 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ስላለባቸው ፓቸሩ ሴኮያን አላመጣላቸውም። አዎ፣ የ2012ቱ የሚሄድበት መንገድ ለ2018ቱ ዝግ ነው። ከአሮጌው የባሰ አዲስ ማለት ይሄ ነው። ተራ ኤችፒ ወይም ዴል ላይ ማክ ኦኤስ መጫን የምትፈልጉም አላችሁ፤ እሱ የራሱ ረጅም ታሪክ ነው፣ የአፕል የፈቃድ ውልም ሲስተሙን በአፕል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚፈቅደው።

ማክ ኦኤስ ላይ ብቻ የሚሠራ ሥራ ካላችሁ፣ ያም ሥራ ገንዘብ የሚያስገባ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የአንድ ኬብል፣ የአንድ ኤስኤስዲና የሁለት ሌሊት ወጪ ከአዲስ ማሽን ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ለማሽኑ ድሮ የተከፈለበትን አትቁጠሩ፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከዚህ በኋላ የሚወጣውንና ከዚህ በኋላ የሚገባውን ቁጠሩ። ጓደኛዬ ኤክስኮድ ጫነች። ፕሮጀክቱን ኮምፓይል ለማድረግ ሲጀምር ቡና ብታቀራርቡ አቦሉን አልፎ ቶናው ላይ ይጨርሳል፤ መተግበሪያውን የምትሞክረውም በእውነተኛ ስልክ ላይ ነው። ቢሆንም አስረክባለች፣ ተከፍሏታል።

የጊዜ ገደቡንም ማወቅ ጥሩ ነው። አፕል በጁን 2025 እንደተናገረው ለኢንቴል ማክ የሚወጣው የመጨረሻው ስሪት ታሆ ነው፤ እሱም ቢሆን በይፋ የሚቀበለው አራት የኢንቴል ሞዴሎችን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ለኤም ቺፖቹ ብቻ የሚጻፉ ስለሆኑ ማንም በጎ ፈቃደኛ የሚጠግነው ድራይቨር ሳይሆን፣ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፈ ሲስተም ነው የሚሆነው። ስለዚህ አሁን ያገለገለ ማክቡክ የምትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ «አዲሱን ማክ ኦኤስ ጭኜበታለሁ» ሲላችሁ «ስለዚህ ማክ»ን ክፈቱና ቺፑን አንብቡ። ኢንቴል ከሆነና ዓመቱ ከ2017 በታች ሆኖ ሴኮያ ከያዘ፣ ዋጋው የፓቸር ዋጋ መሆን አለበት፤ ሻጩም የሠራበትን ፍላሽ አብሮ ይስጣችሁ። የማስነሻው ቅንብር አንድ ቀን ቢጠፋ ወይም አፕዴት መሃል ላይ መብራት ቢሄድ፣ ማሽኑን መልሶ የሚያስነሳው ያ ፍላሽ ነው። ዘፈን ጭናችሁበት ለታክሲ ሹፌር እንዳታውሱት።